የወደቀው ማንጎ የማን ነው?

በአሶሳ ዙሪያ ግንቦት ሲጋመስ ማንጎ እንደ ልብ ነው። ዛፉ ላይ አለ፣ ገበያ ላይ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬት ላይ አለ። የወደቀውን የሚያነሳው የለም፤ ልጆቹ ጠግበዋል፣ ፍየሎቹም ጠግበዋል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ዱብ ዱብ እያለ ይወርዳል፣ ይፈነዳል፣ ይሸታል፣ መንገደኛም ረግጦት ያልፋል። ያለ ኬሚካል ፍራፍሬ ስለማልማት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የአንድ ቅጠል ወይም የአንድ ሥር ስም እንድነግረውና ጨምቆ እንዲረጭ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከዛፍህ ሥር የወደቀውን ማን ያነሳዋል?

የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወደዚህ ምድር ሲመጡ ማንጎ የሚባል ፍሬ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ገብስና ባቄላ የለመዱ ደገኞች ናቸው። ማንጎ መብላትንም መትከልንም ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ተማሩ። አባቴ ያኔ ከበላው ፍሬ ዘሩን እያስቀረ የተከላቸው ዛፎች ዛሬ ከቤቱ ጣሪያ ብዙ እጥፍ በልጠው ቆመዋል። እኔ በበኩሌ በመሃላቸው ሎሚ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ጊሽጣ ጨምሬያለሁ። በዚህ ጓሮ ከሱቅ የተገዛ ፀረ-ተባይ አይረጭም፤ የከረጢት ማዳበሪያም አይገባበትም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ወጪው ነው፤ ፍራፍሬያችን በሚሸጥበት ዋጋ የመድኃኒቱን ሒሳብ የሚመልስ ገበሬ አላውቅም። ከዚያ የሚብሰው ምክንያት ግን መድኃኒቱ በእኛ ዓይነት ዛፍ ላይ የተባለለትን ሥራ አለመሥራቱ ነው።

ዛፎቻችን ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁ። ከዘር የበቀለና ያልተገረዘ ማንጎ ከ15 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ቅጠሉ ከመጠቅጠቁ የተነሳ በቀትር እንኳ ውስጡ ጨለማ ነው። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ የሚይዘው ከ15 እስከ 20 ሊትር ሲሆን፣ ፈሳሹን የሚገፋው የሰው ክንድ ነው። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ያርሳል፣ ላይኛው ሳይነካ ይቀራል፣ ወደ ላይ የተረጨውም ተመልሶ በረጪው ፊትና ደረት ላይ ይወርዳል። ጓንትና ጭምብል አድርጎ የሚረጭ ሰው በመንደራችን አላየሁም። ተባዩም ቢሆን ቅጠሉ ላይ ተጋልጦ አይጠብቅም። ይህን ለመረዳት ሁለቱን ዋና ጠላቶቻችንን አንድ በአንድ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ነጩ የማንጎ ተባይ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኋይት ማንጎ ስኬል ይሉታል። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ከዚያ በኋላ ምዕራቡን አዳርሶ እኛም ዘንድ ገባ። የማንጎ ቅጠል ገልብጣችሁ ብትመለከቱ፣ ከሩቅ ሲታይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነገር ቀረብ ሲሉ ሁለት መልክ አለው። ክብና ነጭ የሆነው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የሴቷ መጠለያ ነው። ረዘም ረዘም ብለው በአንድ ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩት ወንዶቹ ናቸው። ሴቷ ከሰም በተሠራ ክዳኗ ሥር ተቀምጣ፣ አፏን ቅጠሉ ውስጥ ተክላ፣ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። እግር ስለሌላት ከተቀመጠችበት አትነሳም። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ክዳኑ ሥር ነው። የሚፈለፈሉት በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ልጆቿ ለአጭር ጊዜ ይድሃሉ፤ ነፋስም ወደ ሌላ ዛፍ ይወስዳቸዋል። ከዚያ እነሱም ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። ቅጠሉ ቢጫ ነጥብ ያወጣል፣ ይረግፋል፤ ፍሬው ላይ ሮዝ መሰል ምልክት ይቀራል፣ ነጋዴውም ያንን አይቶ ዋጋ ይሰብራል።

እንግዲህ መድኃኒቱ የሚወርደው በሰሙ ክዳን ላይ ነው። ከሥሩ ያለችውን እናት ብዙ አይጎዳትም። የሚገድለው በቅጠሉ ላይ በግልጽ የሚሄዱትን ነው፤ በግልጽ የሚሄዱት ደግሞ ባብዛኛው የእኛ ወገኖች ናቸው። ትናንሽ፣ ክብ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቁ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ከቅጠል ቅጠል እየዞሩ የነጩን ተባይ ክዳን እየበሱ ይበሉታል። እጮቻቸው እሾሃማና አስቀያሚ ስለሆኑ ሰው ተባይ ናቸው ብሎ ይጨፈልቃቸዋል። ይህን በመንደራችን ስንት ጊዜ ለልጆች እንዳሳየሁ! ከጥንዚዛዎቹ ሌላ በክዳኑ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ፣ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ጥገኛ ተርቦች አሉ። የተርቡ ልጅ ተባዩን ከውስጥ በልታ ስትጨርስ ክዳኑን በስታ ትወጣለች። በእጅ አጉሊ መነጽር ክብ ቀዳዳ ያለበት ክዳን ካያችሁ ሥራው በእናንተ ፈንታ ተሠርቷል ማለት ነው።

ይህ የእኔ ምኞት እንዳይመስላችሁ በዓለም የፍራፍሬ ታሪክ ውስጥ ዋና ቦታ ያለውን አንድ ነገር ላንሳ። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የካሊፎርኒያ ብርቱካን ከአውስትራሊያ በመጣ ጥጥ መሰል ተባይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ገበሬዎቹ ያልሞከሩት አልነበረም፤ ዛፋቸውን ነቅለው ያቃጠሉም ነበሩ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የነፍሳት ጥናት ኃላፊ የነበረው ቻርለስ ራይሊ፣ ተባዩ በትውልድ አገሩ ጉዳት የማያደርሰው የሚበላው ነገር ስላለ ነው ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮበሌ የተባለውን ባለሙያ ወደ አውስትራሊያ ላከው። ኮበሌ ያገኛትን ቀይና ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ በመርከብ ላከ። ጥንዚዛዎቹ በሎስ አንጀለስ ብርቱካን ላይ ተለቀቁ፣ በሉ፣ ተባዙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የብርቱካን እርሻው ዳነ። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረኝ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ተባይ ሲመጣ እዚያው ካሊፎርኒያ ብርቱካን ላይ ተረጨ፤ ጥንዚዛዋ አለቀች፣ ተረስቶ የነበረው ተባይም ተመልሶ ዛፉን አለበሰው። ጠባቂው ሲሞት ሌባው እንደሚገባ ማለት ነው፤ መድኃኒቱን የሚሸጥልን ሰው ይህን ታሪክ አይነግረንም።

በዚህ መሃል የማልስማማበት አንድ አስተሳሰብ አለ። "ተፈጥሮን ዝም ብለህ ተዋት፣ ራሷ ታስተካክለዋለች" የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የሞከረው ጃፓናዊው ማሳኖቡ ፉኩኦካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሺኮኩ ደሴት፣ በኤሂሜ አውራጃ የተወለደ ሲሆን፣ በዮኮሃማ ወደብ ጉምሩክ ውስጥ የዕፅዋት በሽታ መርማሪ ነበር። ሥራውን ለቅቆ ወደ አባቱ መንደር ተመለሰና የመንደሪን ዛፎቹን ያለ መግረዝ፣ ያለ ምንም ተዋቸው። ቅርንጫፎቹ ተጠላለፉ፣ ተባይ ወረራቸው፣ ዛፎቹም ደረቁ። ፉኩኦካ ይህን በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ጽፎታል። ከዚያ የደረሰበት መደምደሚያ፣ የሰው እጅ አንድ ጊዜ መልኩን የለወጠውን ዛፍ ጥሎ መሄድ ተፈጥሮን መከተል አለመሆኑን ነው። በኋላ ኮረብታውን በነጭ ክሎቨርና በራዲሽ አለበሰው፤ በመንደሪኖቹ መሃል የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ተከለ። የዛፉ ለጋ ቅጠል ላይ ክሽክሽ ይሰፍራል፣ ክሽክሹን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ይራባሉ፣ ክሽክሹ ሲያልቅ ጥንዚዛዎቹ ወርደው የመንደሪኑን ተባይ ይበላሉ። ያ ዛፍ ለፉኩኦካ የጥንዚዛ ማርቢያ ሆኖለታል።

እኔም አባቴ የተከላቸውን ዛፎች አልተውኳቸውም። ምርቱ እንዳለቀ እንገርዛቸዋለን። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ ዘግይቶ የተገረዘ ማንጎ የሚያወጣው ቅርንጫፍ ሳይበስል የአበባው ወቅት ይደርስበታል፣ የዚያ ዓመት ምርትም ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣው የደረቀውና የታመመው ነው፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ የሚያድገውና እርስ በርሱ የሚሻሸው። ከዚያ መሃሉን ወደ ሰማይ የሚዘልቀውን አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ቆርጠን ፀሐይና ነፋስ ወደ ውስጥ እንዲገቡ እንከፍትለታለን። ያረጀን ዛፍ በአንድ ዓመት ሁሉንም መቁረጥ ያስደነግጠዋል፤ በሁለት ሦስት ዓመት ከፋፍሎ ማሳጠር ይሻላል። ነጩ ተባይ ጨለማና የታፈነ ቦታ ይወዳል፤ የተከፈተ ዛፍ አይመቸውም። የማንጎን አበባና ፍሬ የሚያጠቁረው አንትራክኖዝ የተባለው የሻጋታ በሽታም እርጥበት ቶሎ ከሚደርቅበት ዛፍ ይሸሻል። የተቆረጠውን ቅጠል አላቃጥለውም። ሴቷ ተባይ መነሳት ስለማትችል ቅጠሉ ሲደርቅ አብራ ትደርቃለች፤ በውስጧ ያደጉት ጥገኛ ተርቦች ግን ወጥተው ወደ ዛፉ ይመለሳሉ።

ሎሚው ላይ ያለው ጉዳይ ይለያል። እዚያ ያሉት ክሽክሽና ለስላሳ ተባዮች ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ያንን ፈሳሽ ፈልገው ጉንዳኖች ይወጣሉ። ጉንዳኖቹ ምግባቸውን እንዳያጡ ጥንዚዛዎቹን ያባርራሉ። መፍትሔው መርዝ ሳይሆን ወደ ዛፉ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ነው። መሬት የሚነኩትን ቅርንጫፎች መቁረጥ፣ ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን በሚያጣብቅ ነገር መቀባት ይበቃል። ጉንዳን የቀረበት ሎሚ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በጥንዚዛ ሲጸዳ ማየት ደስ ይላል። ሁሉም ጉንዳን ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በደቡብ ቻይና ብርቱካን አልሚዎች ቅጠል እየሰፉ ጎጆ የሚሠሩ ጉንዳኖችን ከነጎጆአቸው ገበያ ላይ እየገዙ ዛፋቸው ላይ ይሰቅሉ እንደነበር ጂ ሃን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ304 ገደማ ጽፏል፤ እነዚህ ጉንዳኖች ሌሎችን ነፍሳት አድነው ይበላሉ። የአፍሪካ ዘመዶቻቸውም በቤኒን የማንጎ እርሻዎች የፍራፍሬ ዝንብን ጉዳት እንደሚቀንሱ በጥናት ታይቷል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠላት፣ ወደ ፍራፍሬ ዝንብና ወደ ወደቀው ማንጎ እንመለስ። የፍራፍሬ ዝንብ በአፍሪካ ድሮም ነበረ። ዛሬ ማንጎአችንን የሚያበላሸው ግን ከእስያ የመጣው ነው። በአህጉራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ሲሆን፣ በዓመቱ ኢትዮጵያ ገባ። ከቤት ዝንብ ብዙ አይበልጥም፤ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ መስመር ያለው፣ ክንፉ ጥርት ያለ ነው። ሴቷ መብሰል በጀመረ ማንጎ ላይ ታርፋለች፣ በጭራዋ ጫፍ ልጣጩን ትወጋለች፣ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች። በዕድሜዋ ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች። እጮቹ ሥጋውን እየበሉ ያድጋሉ፤ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ማንጎ ስትቆርጡት ውስጡ የሚርመሰመሰው ይሄ ነው። ፍሬው ይወድቃል። እጮቹ ከፍሬው ወጥተው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይገባሉ፣ ቡናማና ጠንካራ ሽፋን ይለብሳሉ፣ ከዚያ ዝንብ ሆነው ይወጣሉ። በሞቃት አየር ይህ ሁሉ ከወር ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የማንጎው ወቅት ሲያልፍ ዘይቱን ይደርስላቸዋል፣ ከዘይቱን ቀጥሎ ሌላው። ማረፊያ አያጡም።

እንቁላሉ ልጣጭ ሥር ነው፣ እጩ ሥጋ ውስጥ ነው፣ ቀጥሎም አፈር ውስጥ ነው። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት የትኛውን ያገኛል? የዝንቡ ሕይወት በእጃችን የሚገባበት አንድ ቀላል ቦታ አለ፤ እሱም ፍሬው መሬት ከነካበት ጀምሮ እጩ አፈር እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በወቅቱ የወደቀ ፍሬ በየቀኑ ካልሆነ ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ይለቀማል።

የተለቀመውን ምን እናድርገው ነው ጥያቄው። ከአጥር ውጭ መጣል ዝንቡን ወደ ጎረቤት መላክ ነው። ኮምፖስት ጉድጓድ ላይ ሳይሸፈን መጨመር ደግሞ ለዝንቡ የሞቀ አልጋ ማዘጋጀት ይሆናል። እኛ ዘንድ ሦስት መንገድ አለ። መቅበር ከሆነ ጉድጓዱ ከፍሬው በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አፈር የሚይዝ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ የወጣው ዝንብ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ሁለተኛው ጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ለቀናት ፀሐይ ላይ መተው ነው፤ ሙቀቱ እጮቹን ይገድላል፣ የቀረውም ወደ ኮምፖስት ይገባል። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ ግንቦት ላይ አሶሳ የምትሰጠውን ፀሐይ በከንቱ ማሳለፍ አይገባም። ሦስተኛው ለከብት መስጠት ነው፤ እሱም በዕለቱ ከተበላ ብቻ ነው የሚሠራው። ዶሮዎችም አሉ። ከዛፉ ሥር ያለውን አፈር ሲጭሩ የሚለቅሙት አፈር የገባውን ነው፤ በማንጎ ወቅት ዶሮዎቼን ከዛፉ ሥር የማላስወጣቸው ለዚህ ነው።

ሃዋይ ውስጥ የተሠራ አንድ ብልሃት ደግሞ በጣም ይማርከኛል። የወደቀውን ፍሬ ድንኳን በሚመስል ሽፋን ውስጥ ያስገቡታል። የድንኳኑ አናት ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ዝንቡን የማያሳልፍ፣ ጥገኛ ተርቡን ግን የሚያሳልፍ ሆኖ ተመጥኗል። ዝንቡ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል፣ ተርቡ ወጥቶ ወደ ዛፉ ይመለሳል። ስለ ተርቡ ካነሳን አይቀር፣ የእኛዎቹ የአገር ተርቦች በአዲሱ ዝንብ ላይ እምብዛም አልቻሉም። የዝንቡ እጭ በሰውነቱ ውስጥ የተጣለበትን የተርብ እንቁላል ከብቦ ያፍነዋል። በናይሮቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢሲፔ፣ ከሃዋይ ሌላ ተርብ አስመጥቶ አራብቷል። ይህችኛዋ እጩን አትጠብቅም፤ ገና በዝንቡ እንቁላል ውስጥ የራሷን ትጥላለች። ወጥመድም አለ። የዝንቡን ወንዶች ከሩቅ የሚጠራ ሜቲል ዩጂኖል የተባለ ሽታ ከመግደያ ጋር በጠርሙስ ውስጥ ይሰቀላል። በጎ ነገር ነው፤ ግን ወንዱን ብቻ ስለሚይዝ፣ ሥሩ ያልጸዳ ዛፍ ላይ ቢሰቀል የዝንቡን ቁጥር ከመንገር ያለፈ ብዙ አይፈይድም።

ፍሬውን ቀድሞ ማውረድም ይረዳል። ዝንቧ አጥብቃ የምትፈልገው መብሰል የጀመረውን ነው። በሚገባ አድጎ ገና አረንጓዴ እያለ የተለቀመ ማንጎ ቤት ውስጥ ይበስላል፤ ብዙው ከመወጋት ይተርፋል። የአሶሳ ቀርከሃ ለዚህ ተፈጥሯል። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ከተደረገበት ፍሬው ሳይወድቅና ሳይቆስል ይወርዳል። በድንጋይና በዱላ የሚራገፍ ማንጎ ግማሹ ይፈነዳል፤ የፈነዳው ደግሞ ለዝንቡ ነው።

እኔ ብቻዬን ጓሮዬን ባጸዳ ግን ብዙ አይጠቅመኝም። ዝንብ ይበራል። ከአጥሬ ማዶ የበርታ ሽማግሌ የሆኑ ጎረቤት አሉኝ፤ ዛፎቻቸው ከእኔ ይበልጣሉ። ስለ ዝንቡ ሄጄ ስነግራቸው "ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ ጎንበስ ማለት አልችልም። ልጆቹ መጥተው ያንሱት፤ ከላይ ያለውን ደህናውንም ለድካማቸው ይውሰዱ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ያሉ ቤቶች ተነጋግረን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ይለቅማሉ። ደቦ ሰው የሚያውቀው ለአጨዳና ቤት ለመሥራት ነው፤ ለወደቀ ማንጎ ደቦ መጥራት መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። አንዱ ጎረምሳ "እትዬ፣ የበሰበሰ ማንጎ ይሰበስባሉ እንዴ?" ብሎ ጠይቆኛል። አንድ ፍሬ ቆርጬ ውስጡን አሳየሁት። ቆጥሮ ሳይጨርስ ተወው። አሁን እሱ ራሱ ከረጢት ያስራል። ለውጡ በአንድ ወቅት አይመጣም፤ ዘግይተው የሚደርሱት ዛፎች ላይ ግን ከውስጥ የተበላው ፍሬ እየቀነሰ መሄዱን ማንጎአችንን የምትገዛው ነጋዴም አይታ መስክራለች።

መሬቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዛፍ የሚፈልገው ቀላል ነው። የምዕራቡ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ስለዚህ የምድጃ አመድ አይጣልም፣ በጥቂት በጥቂቱ ዙሪያውን ይበተናል። ፍግና ኮምፖስት በክረምት መግቢያ ከቅርንጫፉ ጫፍ ትይዩ ይሰጣል፤ ምግብ የሚመጥጡት ሥሮች ብዙዎቹ ያሉት እዚያ እንጂ ግንዱ ሥር አይደለም። ሣርና ቅጠል ጎዝጉዞ እርጥበት መያዝ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ምስጥን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይቃወመኛል፤ ምዕራቡ የምስጥ አገር ነው። ባየሁት ግን ምስጥ የሚበረታው በውኃ ጥም በደከመ ችግኝ ላይ ነው፤ በዙሪያው ደረቅ ነገር ያገኘ ምስጥም ያንን ይበላል። ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ይበል እንጂ አይቅር።

የኒም ዛፍ ነገር ሳይነሳ አይቀርም፤ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ኒም ይሠራል። የዘሩ ውስጥ ተወቅጦ 50 ግራሙ በአንድ ሊትር ውኃ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት በጨርቅ ይጠለላል፣ ትንሽ ሳሙና ይጨመርበታል። የሚረጨው ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ኃይሉን የሚሰጠው አዛዲራክቲን የተባለው ነገር በፀሐይ ቶሎ ይበላሻል። ለችግኝና ለአጭር ሎሚ ጥሩ ነው። ለ15 ሜትር ማንጎ ግን ያው የመርጫው ችግር አለ። በዚያ ላይ አበባ ላይ ምንም እንዳይረጭ እለምናለሁ፤ ኒምም ቢሆን። ከዛፎቼ ላይ የቀርከሃ ቀፎ ተሰቅሏል። ማንጎን አበባው ላይ የሚያገናኙት ዝንቦችና ንቦች ናቸው። አቮካዶ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ አንዴ ሴት ሆኖ፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። በዚያ መሃል ከዛፍ ዛፍ የሚሄድ ነፍሳት ከሌለ ብዙው አበባ ይረግፋል።

ያለ ኬሚካል የበቀለ ፍሬ በገበያችን የተለየ ዋጋ አያወጣም። ኢትዮጵያ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አላት፤ ምርመራውና ምስክር ወረቀቱ ግን በአብዛኛው ወደ ውጭ ለሚላክ ምርት የሚታሰብ ነው። እኛ ዘንድ ትርፉ የሚገኘው ካልወጣው ወጪና ከማር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዋጋ ተስፋ የጀመረ ሰው ዋጋው ሲቀር ሥራውንም ስለሚተወው ነው።

አዲስ ለሚተክሉ አንድ ነገር ልጨምር። ነጩ ተባይ በነፋስ ቅርብ ለቅርብ ይሄዳል፤ ሩቅ አገር የሚደርሰው ግን በመኪና፣ በችግኝ ላይ ተጭኖ ነው። የተዳቀለ ኬንት ወይም ቶሚ አትኪንስ ለመግዛት ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ የላይኛውን ቅጠል አይታችሁ አትርኩ። የታችኛውን፣ ያረጀውን ቅጠል ገልብጡ፤ በደምሥሩ ግራና ቀኝ ነጭ ነገር ካያችሁ ችግኙ ምንም ቢያምር ተዉት። ቅጠሉ ንጹሕ የሆነውንም ከሌሎቹ ዛፎች ራቅ አድርጋችሁ ጥቂት ሳምንት አቆዩት፣ በየጊዜው ገልብጣችሁ እዩት፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።